በቆሻሻ የተጠቀለለ ገበና

እስቲ ይህን ጥቁር ፌስታል ተመልከቱት። ከአጥሩ ጥግ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ተጎልቷል። አንዴ ተቋጥሮ አልበቃ ብሎ ሌላ ፌስታል ለብሷል፤ ያም አላስተማምን ብሎ በጨርቅ ቅዳጅ ተጠፍንጓል። ከዲማ የሚመጣ ወርቅ እንኳ እንዲህ አይታሰርም! ውስጡ ያለው ግን የሽንኩርት ልጣጭ፣ አመድ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ የዓሣ አጥንትና የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ሁሉም ተለውሶ፣ ሁሉም ታፍኖ፣ በጋምቤላ ፀሐይ እየተቀቀለ ነው። ይህ ሁሉ ማሰር ለምን ይመስላችኋል? ለንጽሕና? የለም! ጎረቤት እንዳያይ ነው። የሚያነሣው ሰው እጁ ቢቆረጥ፣ ቢወጋ፣ ያ የማንም ጭንቀት አይደለም። ጭንቀታችን «ሰው ምን ይለኛል» ብቻ ነው።

ሰፈሩ ከባሮ ድልድይ ብዙ አይርቅም። ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ደጁ ሁሉ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ የወደቀ ቆሎ አንሥተው የሚበሉበት ይመስላል። የተጠረገው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የት ይገባል? ከአጥር ውጭ ያለው ቦይ ውስጥ ነዋ! ከአጥሬ ከወጣ የኔ አይደለም፤ ይኸው ነው ሕጋችን። ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ወደ ባሮ ይወስደዋል። ከባሮ ደግሞ በጀሪካን ተቀድቶ ይመለስልናል። የራሳችንን እድፍ መልሰን እየጠጣን፣ ልጆቻችን ሆዳቸውን ይዘው ሲያለቅሱ «ዓይን በላቸው» እንላለን።

በዚህ ሰፈር ሽታዬ የምትባል አስተማሪ ትኖራለች። ትውልዷ ጎሬ ነው። ገና ልጅ እግር ሳለች ጎግ ተመድባ ወረደች። ደጋ ለለመደ ገላዋ ሙቀቱ እቶን ነበር፤ «አንድ ዓመት ብቻ ልቻለው» እያለች ዓመት ዓመትን ወልዶ እዚያው ቀረች። ከጎግ ወደ ከተማው ተዛወረች፤ ሹፌር አገባች፤ ሹፌሩን ወባ ወሰደባት። አንድ ልጇ አቤኔዘር ወርቅ ፍለጋ ዲማ ገብቶ በዓል ሲሆን ይደውላል። እሷ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ነው የሚላት።

በሰፈሩ የታወቀችው ግን በማስተማሯ አይደለም፤ በጭልፋዋ ነው። የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ድንኳን ሲተከል፣ ሴቶቹ ቲቸር ሳትመጣ ሽንኩርት አይከትፉም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ትልቁን ብረት ድስት ጥዳ፣ በአንድ እጇ ጭስ እያባረረች በአንድ እጇ ታማስላለች። ሐዘንተኛው ሁሉ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቶ እንኳ የሷን ወጥ ሲያሸት ወደ ትሪው ይጠጋል። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷ ጸጥ ሲልባት፣ ከሰው ያጣበቃት ያ ጭልፋ ነው። ልጇም ሩቅ ነው፤ ዘመዷም ጎሬ ነው። ከድስቱ ዳር ስትቀመጥ ግን ግራ ቀኝ የሚያወራት ሰው አላት፤ «ቅመሺልኝ፣ ጨው አነሰው?» የምትላት አላት። ሌላ ሀብት የላትም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥማት ጀመራት። ጀሪካን ብትጠጣ የማትረካ ሆነች፤ ቀሚሷ ሰፋት። ከሰፈሯ ርቃ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ያዕቆብ የሚባል ነርስ መረመራትና ስኳር እንዳለባት ነገራት። በየቀኑ ኢንሱሊን መወጋት አለባት።

«ያዕቆብ፣ ይሄ ነገር ከአንተ ሌላ ሰው ጆሮ እንዳይገባ» አለችው።

«ቲቸር፣ ስኳር እኮ ነው፤ ሰው አልገደልሽ።»

«አንተ ሰፈሬን አታውቀውም።»

እውነቷን ነው፤ አያውቀውም። በዚያ እድር አንዲት ሴት እጇ ላይ ለምጽ ወጣባትና ሴቶቹ ተጠቃቅሰው ከድስት አራቋት። ለምጽ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል አይሄድም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚህ ሰፈር በሽታ በስሙ አይጠየቅም። «እሷ መርፌ ላይ ናት» ከተባለ አለቀ፤ የቀረውን የሰው አፍ ይሞላዋል።

ፍሪጅ የላትም። መብራቱም የሚታመን አይደለም። ስለዚህ ያዕቆብ እንደመከራት ገንቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሞልታ፣ ብልቃጡን እዚያ ትከታለች። ገንቦው ጓዳ ጥግ ተቀምጦ ያየ ሰው ሲጠይቃት «ጠበል ነው» ትላለች። ጠበል የተባለን ነገር ደፍሮ የሚከፍት የለም። እግዜር ይቅር ይበላት፤ እሷን እንዲህ ያስዋሸውን ሰፈርስ ማን ይቅር ይበለው?

የተወጋችበትን መርፌ ደግሞ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች። ቆርቆሮውን ልጣጭ ውስጥ፣ ልጣጩን አመድ ውስጥ፣ አመዱን ፌስታል ውስጥ። ገበና እንዲህ ነው የሚቀበረው።

አሁን ይህን ሁሉ ሊያስቀር የሚችል ነገር መጥቶ ነበር እኮ! ሰፈሩን የሚያጸዱ ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው በየቤቱ ሁለት ሁለት ማዳበሪያ አደሉ፤ አንዱ የሚበሰብሰው የሚገባበት፣ ሌላው ላስቲክና ቆርቆሮ የሚገባበት። ብርጭቆ፣ ምላጭና መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው ጀሪካን ይሁን አሉ። ማዳበሪያዎቹ አፋቸው ተከፍቶ አጥር ላይ ተሰቀሉ። እንዴት ያምር ነበር! ልጣጩን ለከብት የሚወስድ መጣ፤ የሃይላንድ ጠርሙሱን እየሰበሰበ የሚሸጥ መጣ፤ ቦዩም ትንሽ ተነፈሰ።

ግን ነገሩ የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። አጥር ላይ የተሰቀለ ክፍት ማዳበሪያ ደግሞ ለጎረቤት ጋዜጣ ማለት ነው።

አቶ ተክሌ የእድሩ ዳኛ ናቸው። መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ በበዓል ቀን ታቦት ሲወጣ ጥላ የሚይዙ፣ «በሁዳዴ ዓሣ የበላ ጾሟል አይባልም» እያሉ ሰውን ሁሉ የሚገሥጹ ናቸው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ከማዳበሪያቸው አፍ ላይ የባሮ ዓሣ ጭንቅላት እንደ ሰው አፍጥጦ ተገኘ። መጀመሪያ ያየችው ከይሪያ ናት። ከይሪያ የባለሱቁ የጀማል ሚስት ናት፤ ቤቷ ከሽታዬ አጥር ጋር ይገናኛል፤ ምላሷ ምላጭ ነው።

«አቶ ተክሌ!» አለች ከመንገዱ ማዶ። «ይሄ ዓሣ ከባሮ እስከ እርስዎ ቤት በራሱ እየዋኘ መጣ እንዴ?»

«ድመቷ ናት! ድመቷ ናት ያመጣችው» አሉ አቶ ተክሌ፣ ጭንቅላቱን በእግራቸው ወደ ውስጥ እየገፉ።

«ታዲያ ድመታችሁ ሎሚ ጨምቃ ነው የምትበላው? ይኸው ልጣጩ!»

ሰፈሩ ለሳምንት ሳቀ። ግን ሳቁ ወደ ከይሪያም ዞረ። ከሷ ማዳበሪያ የጥቁር ፀጉር ቀለም ካርቶን ተለቅሞ ወጣ፤ የጀማል ጺም ጥቁረት ከየት እንደመጣ ያልሰማ አልቀረም። ከዚያ ከሌላው ቤት የአረቄ ጠርሙስ፣ ከሌላው ቤት የወሊድ መከላከያ ክኒን። አንዱ የሌላውን ማዳበሪያ እያነበበ፣ እያነበበ፣ ሁሉም አፈረ። ስንፍና አይደለም፤ ድንቁርናም አይደለም። ሁሉም መለየት ያውቅ ነበር። ዓይን ፈርቶ ተወው እንጂ! ማዳበሪያዎቹ ከሰል ተሞላባቸው። ጥቁሩ ፌስታል ተመለሰ፤ ከበፊቱ የበለጠ ተጠፍንጎ።

ቤቱ አልለይም ያለውን ታዲያ ማን ይለየው? ጣት ይለየዋል። የኩዎል ጣት።

ኩዎል ከማታር የመጣ፣ ራሱ ከአጥር በላይ የሚታይ ረጅም ሰው ነው። የማኅበሩን የእጅ ጋሪ የሚገፋው እሱ ነው። አማርኛውን የተማረው ከደጅ ደጅ «ቆሻሻ አለ?» እያለ ነው። ሚስት አለው፤ የምታጠባው ልጅ አለው። ማኅበሩ የሚተዳደረው ላስቲክ ለይቶ በመሸጥ ስለሆነ፣ ኩዎል ያንን ሁሉ ቋጠሮ በእጁ እየፈታ፣ ዳይፐሩን ከልጣጩ፣ ልጣጩን ከሃይላንዱ ይለያል። ጓንት ተሰጥቶት ነበር፤ ጓንት ከብርጭቆ ጋር ስንት ቀን ይኖራል?

ማንጎ በረከሰበት ሰሞን ነው። ሽታዬ የድልህ ቆርቆሮ አለቀባት። «ለዛሬ ብቻ» ብላ መርፌውን እንዲያው በማንጎ ልጣጭ ጠቅልላ ቋጠረችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩዎል በመርፌ የተወጋ መዳፉን በጨርቅ አስሮ፣ መርፌውን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከቶ፣ ከደጅ ደጅ መዞር ጀመረ። ጋሪው ላይ የመንገዱ ሁሉ ፌስታል ተደባልቆ ስለነበር ከየትኛው ቤት እንደሆነ አላወቀም።

«እኛ ቤት መርፌ ምን ሊሠራ? ልብስ መስፊያ ካልሆነ» አለችው ከይሪያ።

አቶ ተክሌ ደግሞ ጣታቸውን ቀሰሩበት። «አንተ! የሰው ስም እንዳታጠፋ። ይሄ የጨዋ ሰፈር ነው።»

ጨዋ! ጨዋ ማለት የወጋውን የሚክድ ከሆነ፣ እውነታቸውን ነው።

ከሽታዬ ደጅ ሲደርስ እሷ ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበር። ሃይላንዱን ስታየው፣ ውስጡ ያለውን ስታየው፣ እሱ አፉን ሳይከፍት አፏ ቀደማት።

«ከኔ ቤት አይደለም።»

«አንቺን አላልኩም፣ ቲቸር» አለ ኩዎል። «እርዳታ ልጠይቅሽ ነው። እኔ ፖሊስ አልጠራም፤ ሰው አልከስም። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክኒን ሰጡኝ፤ ወር ሙሉ ትውጣለህ አሉኝ። የመርፌው ሰው ከመጣ፣ ደሙ ከታየ፣ ደሙ ደህና ከሆነ፣ ክኒን ታቆማለህ አሉኝ። እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ… ክኒኑን ዋጠዋ።»

«እውጣለሁ። ያስመልሰኛል። ጋሪ መግፋት ከበደኝ። ክኒኑን ሚስቴ አየች። የምን ክኒን እንደሆነ ጎረቤት ነገራት። የት ነበርክ፣ ከማን ጋር ነበርክ አለችኝ። መርፌ ነው ብላት አላመነችም። ልጁን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች።» ሃይላንዱን ወደሷ ዘረጋ። «ቲቸር፣ አንቺን ሰው ይሰማሻል። ጠይቂልኝ።»

«እጠይቅልሃለሁ» አለችው።

ይህችን ቃል ልብ በሉ። የወጋችው ሴት፣ የወጋውን ሰው ልትፈልግለት ቃል ገባች። ክፉ ሆና ይመስላችኋል? ክፉ አይደለችም። እርቦት የመጣ ተማሪ ካለ የራሷን ምሳ የምትሰጥ ሴት ናት። ግን ጭልፋዋን አሰበች። ከድስቱ ዳር ስትነሣ፣ ሴቶቹ ሲጠቃቀሱ፣ ጸጥ ወዳለው ቤቷ ስትገባ ታያት። አንድን ደግ ሰው እንዲህ ጨካኝ የሚያደርገው ሌላ ምንም አይደለም፤ የእኔና የእናንተ ምላስ ነው።

በማግሥቱ ተማሪዎቿን ቶሎ አሰናብታ ያዕቆብ ዘንድ ሄደች።

«የስኳር መርፌ የወጋው ሰው ስኳር ይይዘዋል?» አለችው።

ያዕቆብ ቀና ብሎ አያት። «ስኳር አይጋባም። ግን ደም የነካ መርፌ ነው። ባለቤቱ ሌላ ምን በደሙ እንዳለ የተወጋው ሰው በምን ያውቃል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንቺ ነው አይደል?»

«ሌላ ምንም የለብኝም።»

«ይሄን አንቺ ትያለሽ። ቲቸር፣ ሰውየው እዚህ መጥቶ ባልዲ አቅፎ ሲያስመልስ ያየሁት እኔ ነኝ። ክዳን ባለው ጀሪካን ሰብስቢና አምጪልኝ፣ እኔ አስወግደዋለሁ አላልኩሽም?»

«ጀሪካን ይዤ በመንገድ ስሄድ ምን ይዘሽ ነው ሲሉኝስ?»

«ምን ይዘሽ ነው! ምን ይዘሽ ነው!» አለ ያዕቆብ በንዴት ጠረጴዛውን እየመታ። «ለዚች ጥያቄ ስትሉ ሰው ትጨርሳላችሁ!»

እሷ ክንዷን ዘረጋች። «ደሜን ውሰድ። ደህና ከሆነ ንገረው። ስሜን ግን አትጥራ።»

ያዕቆብ ደሟን ወሰደ። ኤችአይቪውም፣ የጉበቱም ነገር ተመረመረ፤ ደህና ነበር። ያዕቆብም ቃሉን ጠብቆ ኩዎልን አስጠርቶ «የመርፌው ባለቤት ተገኝቷል፤ ደሙ ደህና ነው፤ ክኒኑን አቁም» አለው። ኩዎል በደስታ ወደ አማቱ ቤት ሮጠ። አማቱ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ሰምታው ሳቀች።

«ማን ነው ሰውየው?»

«ስሙን አልነገሩኝም።»

«ስም የሌለው ሰው ደም አለው እንዴ?» አለች። «የመርፌው ባለቤት በእግሩ መጥቶ ከፊቴ ካልቆመ ልጄ አትመለስም።»

እሷን ማን ይወቅሳታል? እኛ ያስተማርነውን ነው የደገመችው። ሁሉም በሚደብቅበት አገር የተደበቀን ነገር ማን ያምናል?

ሽታዬ ይህን የሰማችው ከይሪያ ሱቅ ሳሙና ስትገዛ ነው። ደሟን ስትሰጥ ሸክሙ የወረደላት መስሏት ነበር፤ ሸክሙ ግን እዚያው ኩዎል ትከሻ ላይ ነው። «ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ» አለች ለራሷ። ነገ ሲመጣ «ከሰንበት በኋላ» አለች።

ሰንበት መጣ፤ የእድሩ ስብሰባም መጣ። አቶ ተክሌ ግቢ ማንጎው ሥር አግዳሚ ተደርድሮ ሰው ተቀመጠ። ኩዎል አልተጠራም፤ ግን ስለሱ እንደሆነ ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

አቶ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ሰውዬ ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ መርፌ እያሳየ፣ የሰፈራችንን ስም አጥፍቷል። ሰው ሲሰማ በሽታ ያለበት ሰፈር ነው ይለናል። ስለዚህ ሌላ ቆሻሻ አንሺ ይፈለግ። እሱ በዚህ መንገድ ጋሪ እንዳይገፋ።»

«ልክ ነው!» አለ አንዱ። «ደግሞ ከእኛ መሆኑን በምን አወቀ? ከማዶ ሰፈር ቢሆንስ?»

«ከዲማ የሚመጡት ወርቅ ቆፋሪዎች ናቸው። እነሱ እንደሆኑ ምን ያልያዙት አለ?»

«ወይ ከመጠጥ ቤቱ ነው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መርፌው የወጣው ከእነሱው ፌስታል፣ የተቋጠረው በእነሱው አቋጣጠር፣ የሚባረረው ግን የተወጋው ሰው ነው። ያስቃል? እኔን አያስቀኝም።

«ለማንኛውም» አሉ አቶ ተክሌ፣ «ሁሉም ሰው ከቤቴ አይደለም ብሎ ይማል፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝና ይዘጋ።»

መሐላው ከዳር ጀመረ። «ማርያምን ከኔ ቤት አይደለም።» «ወላሂ ከኛ አይደለም።» «ልጄ ይሙት።» አንድ በአንድ እየዞረ ሽታዬ ጋ ደረሰ። ሽታዬ ወደ በሩ አየች። ኩዎል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ የሚምሉትን ሰዎች አፍ አፍ ያያል፤ ከእነሱ አንዱ እውነት እንዲናገር እየጠበቀ። ተነሣች።

«መርፌው የኔ ነው።»

ከአጥሩ ሥር አንዲት ፍየል ፌስታል ታኝካለች።

«ቲቸር፣ ቀልድ ነው?» አለች አንዷ።

«ስኳር አለብኝ። በየቀኑ እወጋለሁ። የወጋው የኔ መርፌ ነው። ሲጠይቀኝ ዋሸሁት።»

እስቲ ቀጥሎ የተጠየቀውን ጥያቄ ገምቱ። «የሰውየው እጅ እንዴት ሆነ?» ነው? አይደለም! «ሚስቱ ተመለሰች ወይ?» ነው? አይደለም!

«ይሄን መርፌ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለች ከኋላ ያለችው። «የእናቴን ተዝካር ስትሠሪ ነበረብሽ?»

«ነበረብኝ።»

«በዚያው እጅሽ ነው ወጡን የነካሽው?»

«በሌላ በማን እጅ ልንካው?» አለች ሽታዬ።

ከይሪያ አፏን በሻርፗ ይዛ ቆየችና ፈነዳች። «ያ ገንቦ! ያ ጠበልሽ!»

«ኢንሱሊን ነው።»

«ያ ረቢ! እኔ ለልጄ ትኩሳት አንድ ብርጭቆ ልለምንሽ ነበር እኮ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ መድኃኒቱንም ጭምር ደበቅሽው።» ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከይሪያ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አጥር ለአጥር ተጋርተን፣ ለኔ እንኳ?»

«አንቺ የአቶ ተክሌን ዓሣ ስታወጪ አይቼ ነው» አለቻት ሽታዬ።

ከይሪያ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። ከይሪያ ስታለቅስ ሰፈሩ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ተክሌ ወደ ሽታዬ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ቲቸር፣ ለኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔ አፍኜልሽ አስቀረው ነበር።»

«አቶ ተክሌ፣ እርስዎ የዓሣ ጭንቅላት እንኳ ማፈን አልቻሉም» አለችና ከአግዳሚው ወጥታ ወደ በሩ ሄደች።

ኩዎል ፈገግ ብሎ የጠበቃት እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጠየቅኩሽ» አላት። «ደጅሽ ቆሜ ጠየቅኩሽ። እጠይቅልሃለሁ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ልጄን ካየሁ ስንት ቀን ሆነኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታ በኋላ። አሁን ነይ። ለእናቷ ንገሪ።»

በባጃጅ አብረው ሄዱ። አማቱ ግቢ ደርሰው ሽታዬ ቆማ ተናገረች፤ ኩዎል ወደ ቋንቋቸው ተረጎመው። ሴትዮዋ ብዙ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች ሽታዬ።

ኩዎል ወደ ሽታዬ ዞረ። «ግማሹን አልነግርሽም። ግማሹ፣ ትልቅ ሴት ነሽ፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ ነው።»

ሚስቱ በዚያው ሳምንት ተመለሰች። ኩዎልም በመንገዱ ጋሪውን መግፋት ቀጠለ፤ ከዚያ መሐላ በኋላ ማን ደፍሮ ያባርረዋል? ለሽታዬ ግን ለብዙ ጊዜ ሰላምታ አልሰጣትም። መብቱ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አላበቃም። ክረምቱ ሳይገባ ጥሩምባ ተነፋ፤ አንድ ሽማግሌ ዐርፈው ነው። ሽታዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ልቅሶው ቤት ጓሮ ገባች። ድስቱ ተጥዷል። ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቋል። ጭልፋው በሌላ ሴት እጅ ነው።

«ውይ ቲቸር፣ መጣሽ?» አለቻት ሴትየዋ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሣ። «ጭሱ አይስማማሽም። ግቢ፣ ከለቀስተኛው ጋር አረፍ በይ።»

እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ማንም አልሰደባትም፤ ማንም አልገፋትም። ወንበር ሁሉ አመጡላት። እሷም ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። ወጡ ሲቀርብ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሁሉም ዝም ብሎ ጎረሰ።

እሷ ግን ከዚያ ወዲህ መደበቁን ተወችው። ቢጫ ጀሪካን ክዳኑን በስታ አጥሯ ላይ ሰቀለች፤ መርፌዋን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ትከታለች፤ ሲሞላ ይዛው ወደ ያዕቆብ ትሄዳለች። «ምን ይዘሽ ነው?» ሲሏት «መርፌ» ትላለች። ለብቻዋ ናት፤ ሁለተኛ ጀሪካን በዚያ መንገድ አልተሰቀለም።

ነገር ግን አንድ ጠዋት ጀሪካኑ ከሚገባው በላይ ከበዳት። ብታየው የሷ ያልሆነ መርፌ አለበት። አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። አንዳንዱ እንደሷ የኢንሱሊን ነው፤ አንዳንዱ ሌላ ነው። ምላጭም አለ። መንገዱ ጭር ሲል ሹልክ እያሉ መጥተው እየጣሉባት ነው! ሰፈሩ ለመርፌው መጣያ አገኘ፤ ባለመርፌዋን ግን ከድስት አስነሣ። ጭልፋዋን ከተቀበሉት መካከል እንደሷ በየጠዋቱ የሚወጉ አሉ ማለት ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልተደበቀችባቸውም፤ አላደባችባቸውም። የነሱንም ከሷ ጋር ይዛ ትሄዳለች።

አሁን ለአንቺ ነው የምናገረው፤ በየሰፈሩ፣ በየእድሩ ላለሽው፣ መርፌሽን በሰው አጥር ለምትጥይው እህቴ። ለአንተም ነው፣ አይተህ እንዳላየ ለምታልፈው። ነገ ጠዋት ክዳን ያለው ጀሪካን በራሳችሁ አጥር ላይ ስቀሉ፤ ስለቱን ከልጣጩ ለዩ፤ ለሚያነሣው ሰው ምን እንዳለበት በአፋችሁ ንገሩት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ይህን እለምናችኋለሁ፦ በሚቀጥለው ልቅሶ ድስቱ ዳር ስትቆሙ፣ እንደ ሽታዬ ያለችዋን ሴት በስሟ ጥሯትና ጭልፋውን መልሱላት።